ጣራው ይቅደም፦ የአንድ ክረምት ማስታወሻ ከደቅ ደሴት

ሰኔ 27

ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ደቅ እንሻገራለን። ሥራው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ሁለት ቤት ከመሠረቱ እንሠራለን። የአንድ ቤት ጣራ ደግሞ ከሣር ወደ ቆርቆሮ እንቀይራለን። አብዛኞቻችን ተማሪዎች ነን። ዕድሜያቸውን በእንጨት ሥራ ያሳለፉ አንድ አናጢ አብረውን አሉ። ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው።

ደቅ ጣና ላይ ካሉት 37 ደሴቶች ትልቁ ነው። ሰዉ ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ አሣ ያጠምዳል። ስለ ጣና ሲወራ ግን መጀመሪያ የሚነሡት ገዳማቱ ናቸው። ከገዳሙ አጥር ውጭ ዳጉሳ እያረመ ልጅ የሚያሳድግ ሕዝብ መኖሩን ብዙ ሰው ልብ አይልም። እኔን ያጓጓኝ እሱን ማወቅ ነው።

ዛሬ ዕቃ ስንቆጥር ዋልን። በእኛ አገር ቤት የሚለካው በቆርቆሮ ብዛት ነው። የመጀመሪያው ቤት ባለ 30 ቆርቆሮ፣ ሁለተኛው ባለ 40 ነው። ኮልሞ (የጣራው አናት መክደኛ)፣ ሞራሌ (የተሰነጠቀ የጣራ እንጨት)፣ ቁጥር 8 እና ቁጥር 10 ሚስማር፣ የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው፣ የበር ማጠፊያ፣ በጀሪካን የተቃጠለ ዘይት። አያ ዝርዝሩን ደጋግመው አስነበቡኝ። «ውሃውን ከተሻገርን በኋላ ሚስማር ጎደለ ማለት የለም» አሉ።

ሰኔ 28

ጀልባው ሳይነጋ ተጫነ። ቆርቆሮው ከታች ተነጥፎ ተደረደረ፤ ሞራሌው ከላዩ ታሰረ። ሰው የተሳፈረው በመጨረሻ ነው። ጀልበኞቹ ማርፈድ አይወዱም። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብና መብረቅ ይጨመርበታል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውሃ መሃል ቆርቆሮ ጭኖ ማዕበል መግጠም የሚሞከር ነገር አይደለም።

ወደቡ ላይ ሰው ጠብቆናል። ገና ሰላም ሳንባባል ነው ቆርቆሮው በሁለት በሁለት ሰው ተይዞ ወደ መንደሩ መውጣት የጀመረው። ሴቶቹ ሞራሌውን በትከሻቸው አነሡት። ካርቶን ሚስማር የያዘ ልጅ ወደ የት እንደሚሄድ ማንንም ሳይጠይቅ ከፊት ከፊት ይመራን ነበር።

ሰኔ 30

የመጀመሪያው ቤት የእማማ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አሁን የሚኖሩት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ጣራው ባንድ በኩል በተቀመጠ ጎጆ ውስጥ ነው። ልጅቷ የእኔ እኩያ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እታለም» ትለኛለች፤ እኔም እሷን «እታለም» ነው የምላት።

ቦታ መምረጡ ቀላል መስሎን ነበር። ገመድ ዘርግተን፣ ካስማ ተክለን እማማን ጠራናቸው። እሳቸው ገመዱን አላዩትም፤ ዳገቱን ነው ያዩት። «ውሃው የሚወርደው በዚህ ነው» ብለው በበትራቸው አፈሩ ላይ ጫሩ። መስመሩ በቤታችን እኩሌታ ያልፋል። ቦታውን ወደ ጎን አዛወርነው። በዳገቱ በኩልም ውሃውን የሚያዞር ቦይ እንዲቆፈር ተስማማን። በሩን ደግሞ ወጀቡ ከሚመጣበት ጀርባውን እንዲሰጥ አደረግነው። ይኼን ካርታ ላይ አታገኘውም። ስንት ክረምት ያየ ሰው መጠየቅ ነው።

ማዕዘኑን ያወጣነው በገመድ ነው። ከማዕዘኑ ካስማ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለክተን ምልክት አደረግን። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) ነው። የመንደሩ ልጆች ይኼን በጣም ወደዱት። ማታ ስንመለስ በረቱ አጠገብ በገመድ የራሳቸውን ቤት ለክተው አገኘናቸው።

ሐምሌ 3

ድንጋይ ሞልቷል። የጣና ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ስለሆኑ ማሳው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ገበሬው ከእርሻው እየለቀመ ድንበር ላይ የከመረውን በቃሬዛ አመላለስን። መሠረቱን ከመሬት በላይ፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ እስኪል ከፍ አድርገን ካብነው። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ዝናብ መሬት መትቶ የሚፈነጥቀው ውሃ ግድግዳውን ከታች ይበላዋል። ድንጋዩ ያንን ይችለዋል።

ቋሚዎቹን የመቅበር ሥራ የአያ ነው። እያንዳንዱ እንጨት ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባው ጫፉ እሳት ላይ ይለበለባል፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ይኼ ለምስጥ ነው። ባህር ዛፍ እንዲሁ ከተቀበረ ምስጥ ከውስጥ ይጨርሰዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። አያ አንዱን የድሮውን ጎጆ ቋሚ ነቅለው አሳዩን። ልጡ እንዳለ ነው። በጣታቸው ሲጫኑት ገባ።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ሥራ የለም። በየቤቱ እየተጠራን በላን።

ሐምሌ 7

ዛሬ ሥላሴ ነው። ደቅ ላይ ሐምሌ 7 ትልቅ ቀን ነው፤ ናርጋ ሥላሴ ያለው እዚሁ፣ በደሴቱ ምዕራብ ጫፍ ነው። እታለም ነጠላ አውሳኝ አብረን ሄድን።

ናርጋን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ሥዕሉ ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሰው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ሲሄድ እኔ ግቢው አጥር ላይ ቀረሁ። ድንጋይና ኖራ ነው፤ የበሩ ግንብ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰሞኑን ድንጋይ ስክብ ስለሰነበትኩ እጄ ራሱ ወደ መጋጠሚያው ሄደ። ድንጋዮቹ ተመርጠው ነው የገቡት፤ ትልቁ ክፍተት እንኳ በትንንሽ ድንጋይ ጠጥሮ ነው ኖራ የጎረሰው። እነዚያ ግንበኞች ቸኩለው አልሠሩም። 

ከደሴቱ ምሥራቅ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ገዳም ነው። ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ጓደኞቼ ሌላ ቀን ለመሄድ ተቀጣጠሩ። እኔ ያን ቀን ከእማማ ጋር ጭድ አበጥራለሁ አልኩ።

ሐምሌ 10

ዛሬ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ረጅም ጭቅጭቅ ነበር። ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዲጠቀምበት በደንብ ልጻፈው።

ይዘን የመጣነው ዕቅድ ቤቶቹን በተራ የሚጨርስ ነው። አንደኛውን ጣራ መትቶ፣ መርጎ፣ በር ገጥሞ ካስረከቡ በኋላ ወደ ሁለተኛው መሄድ። ወረቀት ላይ ያምራል። አያ ግን አልተቀበሉትም። «መጀመሪያ የሦስቱም ጣራ ይመታ። ጭቃው ይደርሳል» አሉ።

ምክንያታቸውን አንድ በአንድ አስረዱን። አናጢ አንድ ነው፤ እሳቸው። ማዶ ሥራ ስላላቸው እስከ መጨረሻው አይቆዩም። ጭቃ ግን ደሴቱ ላይ የማያውቅ ሰው የለም። ግድግዳው ተመርጎ ጣራ የሌለው ቤት አንድ ሌሊት ዶፍ ከጣለበት ተመልሶ መሬት ይሆናል። ጣራ ኖሮት ግድግዳ የሌለው ቤት ግን ከወዲሁ ያገለግላል። እህል ይቀመጥበታል፣ እንጨቱ ዝናብ አይመታውም፣ ጭቃው ራሱ ከሥሩ ይቦካበታል።

እኔ ሙሉ በሙሉ ከአያ ጋር ነኝ። የተማሪ ዕረፍት ክረምት ነው፤ ስለዚህ በጎ ፈቃዱም ክረምት ላይ ይውላል። ለጭቃ ቤት ግን ከዚህ የባሰ ወቅት የለም። ወቅቱን መለወጥ ካልቻልን የሥራውን ተራ መለወጥ አለብን። ተጠናቆ የተመረቀ አንድ ቤትና ባዶ እንጨት ሆኖ የቀረ ሌላ ቤት ትተን ብንሄድ ሁለተኛዋን ቤተሰብ ምን እንላታለን? ማምሻውን ሁሉም ተስማማ።

ሐምሌ 14

ወራጅና ማገር። ዝናቡ ጠዋትም ጀመረ። ወንዶቹ ልጆች እንጨት ላይ ሲወጡ እኔም መዶሻ ይዤ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ከታች ሆነው «ልጄ፣ ሴት ልጅ ጣራ ላይ?» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን ግራ ገብቷቸው። አያ ቀደሙኝና «እጇ ቀጥ ያለ ነው» ብለው መለሱላቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያነሣው ሰው የለም። 

ሐምሌ 18

የእማማ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ!

ቆርቆሮ አመታት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሚስማሩ የሚመታው ከጉብታው ላይ ነው። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ እዚያ የተመታ ሚስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ጎማው ቆርቆሮውን ጥብቅ አድርጎ እስኪይዝ ይመታል፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ይቀደዳል። ድምፁ ይለወጣል፣ ጆሮ ይለምደዋል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ውጭ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ አድርገናል። በቆርቆሮ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው እዚህ ጋ ነው። አይቀነስ። ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ኮልሞው ሲመታ ዝናቡ ጀመረ። ሁላችንም ከሥር ገባን። ግድግዳ የለም፤ አራቱም አቅጣጫ ይታያል። እማማ በርጩማ አምጥተው መሃሉ ላይ ቁጭ አሉና ወደ ላይ እያዩ ቆዩ። የሚያፈስ ቦታ እየፈለጉ ነው። አላገኙም። «ተባረኩ፣ ክፉ አይንካችሁ» አሉን። ቡናውንም እዚያው አፈላን።

ሐምሌ 22

ሁለተኛው ቤት የአሣ አጥማጁ ነው። ባለቤቱና ልጆቹ አሁን በዘመድ ቤት ተጠግተው ነው ያሉት። እንጨቱ ቆሟል።

ጭቃ ለማቡካት ሰው ያስፈልገናል፤ ሰዉ ደግሞ ሁሉ ማሳ ነው። ዳጉሳው የአረም ሰዓቱ ነው። ቤት ልንሠራላቸው የመጣንበት ወቅት እነሱ ቀና የሚሉበት ጊዜ የሌላቸው ወቅት ነው። ይኼን ማንም ፊት ለፊት አልነገረንም፤ እንግዳ ናችሁ ብለው ይሉኝታ ያዛቸው። የነገረችኝ እታለም ናት። «ደቦ ብትጠሩ ይመጣሉ፣ ግን አረሙ ያልፍባቸዋል» አለችኝ።

መፍትሔውም ከእሷ መጣ፦ ወንፈል። እኛ ለእነሱ አንድ ቀን እናርማለን፣ እነሱ ለእኛ አንድ ቀን ጭቃ ይረግጣሉ። ቀን በቀን። 

ሐምሌ 26

አረም ስናርም ሰነበትን። ዳጉሳና አረሙ በለጋነታቸው አይለዩም። በተለይ አንድ ሣር አለ፣ ቁርጥ ዳጉሳን ነው። እታለም ከሥሩ ይዛ አሳየችኝ፤ የአረሙ አገዳ ከታች ጠፍጠፍ ይላል። ከዚያ በኋላ በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው የምለየው። ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ ገሣቸውን ለሁለት አካፈሉን።

ጓደኝነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቤት ሠሪ ሆነን በመጣንበት ጊዜ ሰዉ በአክብሮት ነበር የሚያየን። ሻይ ይመጣል፣ ወንበር ይጸዳል። አብረን ስናርም ግን ወሬው መጣ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለትምህርት ተሻግራ እንደቀረች፣ ጎረምሳው ለማን ሽማግሌ እንደላከ። እኔም የራሴን አወራሁ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ነገር ለእታለም የነገርኳት እንጭጭ ዳጉሳ መሃል ቁጢጥ ብለን ነው።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። እዚህ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾማሉ። ብዙ ሰው ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ እህል የሚቀመሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ማለዳ ላይ አደረግነው፤ ጉልበት ሲደክም እናቆማለን። በዓልም አለ፦ 7፣ 12፣ 19፣ 21 እያለ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት መሬት አይቆፈርም። ጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ይኼን ከመጀመሪያው ሊያስገባው ይገባል።

የሁለተኛው ቤት ጣራም አለቀ። አያ ሦስተኛውን፣ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የሚለወጠውን፣ ጀምረውታል። አሮጌው ሣር ሲወርድ ባለቤቱ አልጣሉትም፤ ለከብቶቹ ጉዝጓዝ አደረጉት።

ነሐሴ 5

ስለ ጭቃው ልጻፍ፤ ለኔ የክረምቱ ዋና ትምህርት እሱ ነው።

አፈሩ ቀዩ ነው። ጥቁሩ ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀዩ አፈር ጣራው ሥር ይከመርና መሃሉ እንደ ጉድጓድ ተከፍቶ ውሃ ይገባበታል። ከዚያ ጭድ። የጤፍ ጭድ ነው የሚፈለገው፤ ደቃቅ ስለሆነ ጭቃውን በደንብ ያያይዘዋል። ችግሩ ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ጤፍ የሚወቃው ደግሞ በበጋ ነው። አሁን ያለው ያለፈው ዓመት ክምር ጭራሽ ነው። ጎረቤት ሁሉ ከዚያችው ከቀረችው በማዳበሪያ እየሞላ አመጣ። አንዲት እናት ግማሽ ማዳበሪያ ይዘው መጥተው «ጥጃዬ ሣር ጀምሯል፣ ይበቃዋል» አሉ። ይኼን ስጦታ ከቆርቆሮው ሁሉ አስበልጬ ነው የማየው።

ከዚያ ይረገጣል። በእግር። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ጠጠሩ ይወጋል፤ ቀስ በቀስ እየላላ ይመጣል። ሴቶቹ በክብ ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚረግጡት፤ አንዷ ስታዳልጥ ሌላዋ ትይዛታለች። በየቀኑ እየተገለበጠ፣ ውሃ እየተጨመረ ይቦካል። መድረሱ የሚታወቀው በጠረኑ ነው፤ ይከረፋል። ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ሲሆን አፍሰው ያዩታል። ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ከወረደ ደርሷል።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጎረምሶቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ዋሉ። ማታ ልጆቹ እየጨፈሩ እስከ እማማ ቤት፣ አዲሱ ጣራ ሥር ድረስ መጡ። ሙልሙሉን ያደሉት እማማ ራሳቸው ናቸው።

ነሐሴ 20

ምርጊት። ከውስጥና ከውጭ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። ጭቃው በእጅ እየተጠቀለለ በማገሩ መሃል ይወረወራል፤ ከወዲያ ያለችው ስትጫነው ከወዲህኛው ጋር ይያያዛል። እኔ ከውጭ፣ እታለም ከውስጥ ሆንን። በማገሩ ቀዳዳ እየተያየን ጀመርን፤ ግድግዳው ከፍ እያለ ሲመጣ በድምፅ ብቻ ቀረን።

የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ሆኖ ይተዋል። እንዲደርቅና እንዲሰነጠቅ ይፈለጋል። ስንጥቁን የሚደፍነው እበት የገባበት ሁለተኛው ልስን ነው፤ እሱ ፀሐይ ይፈልጋል። አሁን ቢለሰን ውስጡ ርጥብ እንደሆነ ይታፈንና ይላጣል። ስለዚህ ልስኑ ለጥቅምት ይቆይ ተባለ፤ ያኔ እኛ የለንም።

አንዳንድ ጓደኞቼን ከፍቷቸዋል። ያማረ ግድግዳ አይተው መሄድ ይፈልጋሉ። ገባኝ፤ እኔም እመኛለሁ። ግን ቤቱ የእማማ ነው፤ ልስኑን እኔ ባየሁት ባላየሁት ለእሳቸው ለውጥ የለውም።

ነሐሴ 27

አያ ወደ ማዶ ተሻገሩ። የሦስቱም ቤት ጣራ አልቋል። ቃላቸውን ጠበቁ።

የአሣ አጥማጁ ቤት ከወገቡ በላይ ገና ነው። እሱ ራሱ አመሻሹ ላይ መረቡን ሰቅሎ ይመጣና ይመርጋል። ነጭ አሣ በክረምት ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች እንደሚወጣ የነገረኝ እሱ ነው። «ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ እንቁላሏንም ነው የሚበላው» ይላል። ጎረቤቶቹ ከእኛ በኋላም ወንፈሉን ሊቀጥሉለት ተነጋግረዋል። የመጨረሻ ሳምንታችንን ሙሉ የእሱን ዳጉሳ እናርምለታለን፤ እኛ ከሄድን በኋላ ለምርጊቱ ጊዜ እንዲኖረው።

ጳጉሜን 3

ነገ እንሻገራለን። ሐይቁ ሞልቷል፤ ስንመጣ የወረድንበት ድንጋይ አሁን ውሃ ውስጥ ነው።

እማማ ዕቃቸውን አስገብተዋል። ግድግዳው ርጥብ ስለሆነ እሳት ቀን ቀን ይነድበታል። ደጃፉ ላይ ስንደርስ «ቤት ለእንቦሳ» አሉን። «እንቦሳ እሰሩ» አልናቸው። ይኼን ስንት ቤት ብያለሁ፤ ገና በሩ ባልተገጠመ፣ መርጌ በጨረስኩት ቤት ስለው ግን ድምፄ ተሰበረ። እታለም በርበሬ በስልቻ ቋጥራ ሰጠችኝ። እኔ መዶሻዬን ሰጠኋት። በሩን የምትገጥመው እሷ ናት፤ ማጠፊያውን እንዴት እንደምትመታ አያ አሳይተዋታል።

ጥቅምት 14

እታለም ደወለች። የእማማ ቤት ተለስኗል። በሩ ቆሟል፣ ትንሽ ደፉን ይነካል፤ መላጊያ እየፈለገች ነው። የአሣ አጥማጁ ቤት ሻካራው ምርጊት አልቆ እየደረቀ ነው። ልጆቹ ገብተዋል። አንድ ቦታ ብቻ ሚስማር ጎማው ተቀድዶ ያፈሳል፣ በሁለተኛው ቤት በስተግራ። ነገ ሬንጅ እልካለሁ።

ለሚመጣው ክረምት ከአሁኑ የሚያዝ፦ ጭዱ ጤፍ ሲወቃ፣ በጥር፣ ተገዝቶ እዚያው ይከመር፤ ከማንም ጥጃ አፍ እንዳንወስድ። ቆርቆሮውና ሞራሌው በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ ይሻገር። ለወንፈሉ ቀን ሲቆረጥ የአረሙ ሰሌዳ ከገበሬዎቹ ይጠየቅ። አያን ሰሞኑን አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ሰኔና ሐምሌን ለእኛ ይዘውልናል።